ኬሞ የሚወሰድበት ቤት ድመት፣ ውሻና ዶሮ ካለ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ለጡት ካንሰር በየ21 ቀኑ ኬሞ ልትጀምር ነው። ቤታችን ድመት፣ የግቢ ውሻና ዶሮዎች አሉ። ዘመድ ሁሉ «አውጧቸው» ይላል፤ እሷ ደግሞ ያለ ድመቷ አይሆንላትም። የግድ መሄድ አለባቸው?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
እናትሽን ይማርልሽ እህቴ። ማስወጣት አያስፈልግም። ዋናው ነገር እናትሽ ዓይነ ምድራቸውን እንዳትነካ ነው፤ ጽዳቱን ሌላ ሰው ይያዘው። ከየዙሩ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፤ ያን ሰሞን ድመቷ አልጋ ላይ አትውጣ፣ ፊቷንም አትላሳት። ከዳሰሰቻት በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ከተቧጨረች ወይም ከተነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። ሙቀቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ድመት የምታስተላልፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ እንቁላል ከዓይነ ምድሯ ጋር ከወጣ በኋላ ሰው መያዝ እስኪችል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የአሸዋ ሳጥኑ በየቀኑ በጓንት ከተጠረገ ጊዜ አያገኝም። ድመቷ ጓሮ የምትጸዳዳ ከሆነ ግን እናትሽ አፈር አትንካ፣ ጎመንም ከዚያ አትቅጠፍ። ድመቷ ተውሳኩን የምታገኘው ከአይጥና ከጥሬ ሥጋ ነው፤ ቀቅላችሁ አብሏት፣ ከቤት አትውጣ። ለውሻውም ጥሬ ሳንባና ጉበት አትስጡት፤ ሰው ጉበት ላይ የውኃ ከረጢት የሚያበቅለውን ትል የሚያመጣው እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳያልፍ፣ የትል መድኃኒቱም በየ3 ወሩ ይሰጠው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ዶሮዎቹ ናቸው። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ኩሷ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። እናትሽ ቆጡ አጠገብ አትድረስ፣ ጫጩትም አትያዝ።

ፋርማሲስት፦
እንስሳቱም ይጠበቁ። የኬሞ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ በሽንትና በትውከት ይወጣል። የሽንት ቤቱ ክዳን ይዘጋ፣ ትውከት በጓንት ይጠረግ። ካፔሲታቢን የተባለው የሚዋጥ ኬሞ ከታዘዘላት ደግሞ ክኒኑን ቆልፉበት፤ ሰውነት ውስጥ ፍሎሮዩራሲል ወደተባለ የኬሞ መድኃኒት ስለሚለወጥ ውሻና ድመትን ይገድላል። አንድ ክኒን ወለል ላይ ከወደቀ ሳይገኝ አይታለፍ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድመቷ ቁንጫ አለባት፤ ያሳስባል?

የእንስሳት ሐኪም፦
አዎ፣ ኬሞው ሳይጀመር አጥፉት። በጥፍሯ የሚተላለፈው ባርቶኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከቁንጫ ኩስ ነው የሚመጣው። የድመት መድኃኒት ብቻ ግዙ፤ ለውሻ የተሠራው ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ካለበት ድመቷን ይገድላታል።