ስፕላሽ ስክሪንን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለጀማሪዎች የሚሆን የፕሮግራሚንግ መማሪያ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። አንዱ ምዕራፍ በስክሪፕት የራስን ስፕላሽ ስክሪን ስለማሳየት ነው። ፕሮግራሙ እስኪነሳ ስክሪኑ መሃል ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ምስል ማለቴ ነው። «የመግቢያ ገጽ» የሚሉት አሉ፤ እኔን ግን አላረካኝም። ምን ትላላችሁ?

ፊደል ወዳድ፦ «መግቢያ» ተይዟል እህቴ። ስምና የይለፍ ቃል የምንሞላበትን ገጽ ነው ሰው እንደዚያ የሚለው። ቃል በቃል «ርጭት» ማለትም አያስኬድም፤ የኬሚካል ርጭት ነው ትዝ የሚለው። እኔ «የመክፈቻ ምስል» እላለሁ።

ኮድ ጸሐፊ፦ ስም ከማውጣታችን በፊት ነገሩ ምን እንደሚሠራ እንይ። በፓይተን ቋንቋ፣ መስኮት መሥሪያ በሆነው በትኪንተር ስንሠራ ዋናውን መስኮት በዊዝድሮው ትዕዛዝ እንደብቀዋለን። ሌላ ትንሽ መስኮት እንፈጥርና በኦቨርራይድሪዳይሬክት ከላይ ያለውን ርዕስና የመዝጊያ ምልክት እናነሳለታለን። ምስሉን እንለጥፍበታለን። ዝግጅቱ ሲያልቅ ትንሹን በዲስትሮይ እናጠፋለን፤ ዋናውን በዲአይኮኒፋይ እናወጣለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከባዱ ሥራ ሳይጀመር አፕዴት የሚለውን ትዕዛዝ ካልጠራን ምስሉ ላይታይ ይችላል። ስክሪፕቱ ፋይል በመጫን ስለሚጠመድ መስኮቱን ለመሳል ፋታ አያገኝም። ተጠቃሚው የሚያየው ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ ፕሮግራሙ የተበላሸ ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ይህ ምስል ምንም አይከፍትም። ሥራው ሰውን ማቆየት ነው። ጃቫ የሚባለው ቋንቋም ከ6ኛው ስሪት (2006 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቨርቹዋል ማሽኑ (የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ገና ሳይነሳ ምስሉን የሚያሳይበት መንገድ አለው። ያም ለዚሁ ነው። ምሳ እስኪደርስ «መቆያ» እንደምንለው «መቆያ ምስል» ብንለውስ?

የቃል ሰው፦ መቆያ ግሩም ነው! «ማቆያ» እንዳይሆን ብቻ። ለይቶ ማቆያ፣ የሕፃናት ማቆያ እያልን የቦታ ስም አድርገነዋል። መቆያ ግን ለሚጠብቅ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው። ደግሞ ቃሉ ለኮዱም ይበጃል። አንዳንዱ አፍተር በሚባለው ጊዜ ጠብቆ በሚሠራ ትዕዛዝ ላይ 3000 ሚሊሰከንድ ጽፎ፣ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ምስሉን ለማሳየት ሲል ብቻ 3 ሰከንድ ያስጠብቀዋል። ያኔ መቆያነቱ ቀርቶ ማጓተቻ ይሆናል። ዝግጅቱ እንዳለቀ መዝጋት ነው።

ጠያቂዋ፦ «የራስን» ያልኩትን፣ በእንግሊዝኛ «ከስተም» የሚሉትንስ ምን እንበለው? ብዙ ሶፍትዌር ላይ «ብጁ» ተብሎ አያለሁ።

የቃል ሰው፦ «ብጁ» ዘሩ «አበጀ» ነው። ግሱ ሕያው ነው፦ መላ አበጀ እንላለን፣ ደስ ሲለንም «አበጀህ!» እንላለን። አንድን ነገር በወጉ መሥራት ነው። «ብጁ» ግን ብቻውን ሲቆም ለጀማሪ ይከብዳል። «ራስ ያበጁት» ወይም ባጭሩ «የራስ» በይው። ስክሪፕትን አትንኪው፤ ሁሉም ለምዶታል።

ፊደል ወዳድ፦ መቆያ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አሁንም «የመክፈቻ ምስል» ላይ ነኝ። ማብራሪያ አይፈልግም።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ርዕሱን «በስክሪፕት የራስን መቆያ ምስል ማሳየት» አደርገዋለሁ። ስፕላሽ ስክሪን የሚለውንም መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አንዴ እጠቅሰዋለሁ፤ ተማሪው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው በዚያ ስም ነው።