ቤት፣ ነው፣ አለ፦ በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ተደጋጋሚ ቃላትን በጨዋታ እንዲያነቡ

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ6 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሁለቱም «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ እስከ መጨረሻው ይወርዱታል፤ ነገር ግን ከመካከል አንድ ፊደል ነጥዬ ባሳያቸው ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥተው እየቆጠሩ ካልደረሱበት አይለዩትም። ትምህርት ቤታቸው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ቃላትን በካርድ እየጻፈ ወደ ቤት ይልካል፤ ልጆቹም በካርዶቹ እየተጫወቱ ቃላቱን እንዳዩ ማንበብ ጀምረዋል። ይህንኑ ዝርዝር ወደ አማርኛ መልሼ ባስጠናቸው ይበጃል? ሐዋሳ ያሉት እናቴ በቪዲዮ ጥሪ ሊያግዙኝ ፈቃደኛ ናቸው፤ በምን እንደሚያግዙኝ ግን እኔም እሳቸውም አላወቅንም።

ምላሽ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህታችን፣ እዚህ ሐዋሳ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች አማርኛ አስተምራለሁ፤ በክረምት አያቶቻቸውን ሊጠይቁ ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆችንም አስነብባለሁ። ስለዚህ ያነሡት ጉዳይ ከልቤ የምከታተለው ነው። በአጭሩ ለመመለስ፣ ጨዋታውን ይውሰዱት፤ ዝርዝሩን ግን ይተዉት።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከሚሠራባቸው ዝርዝሮች በጣም የታወቀው ኤድዋርድ ዶልች የተባሉ ምሁር በ1936 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ነው። 220 ቃላት ይዟል፤ ስሞችን ደግሞ በሌላ የ95 ቃላት ዝርዝር ለብቻ አስቀምጠዋቸዋል። ቃላቱ የተመረጡት በልጆች መጻሕፍት ውስጥ እጅግ ስለሚደጋገሙ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ እንደሚጻፉ የማይነበቡ በመሆናቸው ልጆች መልካቸውን በቃላቸው እንዲይዙ ሲደረግ ኖሯል። በእንግሊዝኛም ቢሆን ይህ አካሄድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቃል በልጅ አእምሮ ውስጥ የሚጸናው እያንዳንዱ ፊደል ከድምፁ ጋር ሲተሳሰር መሆኑን ሊኒያ ኤሪን የመሰሉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ድምፁን በግልጽ ስለሚናገር፣ የአማርኛን ቃል እንደ ሥዕል ማስጠናት ልጁ በእጁ የያዘውን ቁልፍ እንዲጥለው ማድረግ ይሆናል።

ዝርዝሩን መተርጎም የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። በእንግሊዝኛ ለብቻቸው ቆመው ከሁሉ በላይ የሚደጋገሙት ትንንሽ ቃላት በአማርኛ ከሌላ ቃል ጋር ይጣበቃሉ። «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «የ» ለብቻቸው በካርድ ቢጻፉ ልጁ የሚያነበው ፊደል እንጂ ቃል አይደለም። እነዚህን ማስተማር የሚቻለው በማጣበቅ ነው። «ቤት» የሚል ካርድ ያዘጋጁና አራቱን ፊደላት በትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ልጁ ተራ በተራ ከፊቱ እያስጠጋ «ለቤት፣ በቤት፣ ከቤት፣ የቤት» እያለ ያንብብ። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ «ቤቴ፣ ቤቱ፣ ቤታችን» ሲባል «ት» ራሱ ወደ «ቴ»፣ ወደ «ቱ»፣ ወደ «ታ» ይለወጣልና የመጨረሻውን ፊደል ልጁ በእጁ አንሥቶ ሌላ ይተካበት። በዜማ የሚያውቀው የ«ተ» ረድፍ ለምን እንደሚያስፈልግ በዚህ ጊዜ ይገባዋል።

ዜማውን ግን አይናቁት። የፊደሉን ቤተሰብ በጆሮ ያስይዛልና ይጠቅማል፤ ልጆችዎ የሚቸገሩት ከቅደም ተከተሉ ሲወጡ ነው። ይህን የቀድሞዎቹ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁውን ከወረደ በኋላ ረድፎቹን በሚያቀላቅለው በ«አ ቡ ጊ ዳ» እንደገና ያስኬዱት የነበረው በቃሉ ብቻ እንዳይወርደው ነው፤ ሲያነብም በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ነበር። በቤትም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ፊደላቱን በቁራጭ ካርድ ጽፈው ይበውዟቸው፤ ልጁም በጣቱ እየነካ ያንብብ። 33ቱን ረድፍ በሰባት በሰባት፣ ማለትም 231 ካርድ ዘርግተው ግን አያስጨንቁት። ከሳድሱ ቢጀምሩ እመክራለሁ። ካዕብ በአብዛኛው ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ሥር ጭረት፣ ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት ስላላቸው ልጅ መላውን ቶሎ ያገኘዋል፤ ሳድስ ግን እንደዚህ ያለ አንድ ወጥ ምልክት የለውም። «ም፣ ስ፣ ት፣ ን፣ ር፣ ል፣ ብ» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መልክ መለየት አለባቸው፤ በየቃሉ ውስጥ የሚደጋገሙትም እነሱው ናቸው። «ሰ»ንና «ሸ»ን፣ «ተ»ንና «ቸ»ን፣ «ጠ»ንና «ጨ»ን የመሳሰሉትን በአንድ ቀን ጎን ለጎን አያስተምሯቸው፤ አንዱ ሲጸና ሌላውን ያምጡለት።

ለመጀመሪያ ቃላት ልጆችዎ በቤት ውስጥ በየዕለቱ የሚሰሟቸውን ይምረጡ። «ነው፣ ናት፣ አለ፣ የለም፣ እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ ምን፣ ማን፣ የት፣ እዚህ፣ ወደ፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ዛሬ፣ ነገ» በቂ መነሻ ናቸው። ልጁ የማያውቀውን ቃል አነበበ ማለት ድምፅ አወጣ ማለት ብቻ ስለሆነ፣ በአፉ ያልገባ ቃል ካርድ ላይ አይግባ። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና «አለ»ን ያለ ዓረፍተ ነገር አያስነብቡት፤ «ዳቦ አለ» እና «አባባ እሺ አለ» ብለው በሁለት ካርድ ቢጽፉለት ያለ ማብራሪያ ራሱ አስተካክሎ ያነበዋል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ለእርስዎ ቤት ይበልጥ የሚስማማው የትእዛዝ ጨዋታ ይመስለኛል፤ ወንድና ሴት ልጅ በአንድ ቤት መኖራቸው ትልቅ ዕድል ነውና። «ቁም»፣ «ቁሚ»፣ «ቁሙ» የሚሉ ሦስት ካርዶች ይጻፉ። ካርዱ ሲነሣ ማንም ቃል አይናገርም፤ «ቁም» ከሆነ ወንድ ልጅዎ ብቻ፣ «ቁሚ» ከሆነ እህቱ ብቻ፣ «ቁሙ» ከሆነ ሁለቱም ይነሣሉ፤ ያልተጠራ ከተነሣ ተራው ያልፈዋል። «ሳቅ፣ ሳቂ፣ ሳቁ»፣ «አጨብጭብ፣ አጨብጭቢ፣ አጨብጭቡ» ይጨመሩበት። የቃሉ መጀመሪያ አንድ ሆኖ ልዩነቱ በመጨረሻው ፊደል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያውን አይቶ ቀሪውን የሚገምት ልጅ በዚህ ጨዋታ አያሸንፍም፤ እስከ መጨረሻው ማንበብን ያለ አንዳች ተግሣጽ ይለምዳል። ሲበረቱ «ሂድ፣ ሂጂ፣ ሂዱ» እና «ሩጥ፣ ሩጪ፣ ሩጡ» ይምጡ፤ በእነዚህ ውስጥ «ድ» ወደ «ጂ»፣ «ጥ» ወደ «ጪ» ይዞራልና ከበድ ይላሉ። ቀጥሎ ትእዛዙን የሚጽፉት ልጆቹ፣ የሚታዘዙት እርስዎና አባታቸው ይሁኑ፤ ለአክብሮት ደግሞ «ይቁሙ» እንደሚባል የሚማሩት በዚያን ጊዜ ነው።

እናትዎ ደግሞ አኩኩሉን ይምሩ። ካርዶቹን እርስዎ በቤቱ ውስጥ ይደብቋቸዋል፤ ልጆቹ በስልኩ ፊት ቆመው «አኩኩሉ» ሲሉ አያታቸው በአፋቸው ሳይመልሱ ወይ «አልነጋም» ወይ «ነጋ» የሚል ወረቀት ያሳያሉ። ፍለጋ የሚጀመረው «ነጋ» ሲነበብ ብቻ ነው። «አልነጋም» በውስጡ «ነጋ»ን ስለያዘ ልጆቹ ሳይቸኩሉ ከፊት ጀምረው ማንበብ ግድ ይሆንባቸዋል። የተገኘውን ካርድ ሁሉ ለአያታቸው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ለሰዓቱም አይቸገሩም፤ በእናንተ በጋ እዚህ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ሚኒሶታ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ክረምታችሁ ገብቶ ሰዓታችሁን ወደ ኋላ ስትመልሱ ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል።

ሌላም ሥራ ልሰጣቸው እወዳለሁ። በሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ወደ መሐል ከተማ ሲመለሱ በመንገዱ ያሉትን የሱቅ ሰሌዳዎች በስልካቸው ያንሡ። «ዳቦ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት» ያልተጻፈበት መንገድ የለምና፣ ልጆቹ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ «ቤት»ን ይፈልጉ። ካርድ ላይ በእጅዎ የተጻፈውን «ቤት» የሚያውቅ ልጅ በሰሌዳ ላይ በቀለም፣ በወፍራም፣ በተጠማዘዘ ጽሕፈት የተጻፈውንም ለይቶ ሲያገኘው ቃሉን በእውነት አወቀው ማለት ይቻላል። ቀስ በቀስ «ምን ቤት ነው?» ወደሚለው ያልፋሉ።

እንቆቅልሽንም አይርሱት። መልሱ ከፊት ከተዘረጉት ካርዶች አንዱ ይሁን፤ «ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ ከውኃ ሲወጣ ይሞታል» ሲባል ልጁ «ዓሣ» የሚለውን ያነሣል። ያልመለሰ እንደ ደንቡ አገር ይሰጣል፤ የሚሰጠውንም «ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጎንደር፣ ጅማ» ከተባሉት ካርዶች አንብቦ ይምረጥ። ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱም በየሣጥኑ አንድ አንድ ቃል በጠመኔ ይጻፍ።

በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ ገና «እንድገም» እያሉ ሳለ ቢያቆሙ በማግስቱ ራሳቸው ካርዱን ይዘው ይመጣሉ።

ጥያቄ፣ ከጎተንበርግ

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ገና 6 ዓመቱ ነው፤ የስዊድንኛ ንባብ በጀመረበት ዓመት ፊደል ብጨምርበት እንዳይምታታበት እፈራለሁ። ባለቤቴ የአማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፈን እናስጀምረው ትላለች።

ምላሽ፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ በከተማችን ሲዳምኛም እንግሊዝኛም በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ፤ ብዙ ሰሌዳዎችም ሦስቱንም ይይዛሉ። የማስተምራቸው ልጆች ሁለቱን ጽሕፈት በአንድ ቀን ውስጥ ሲያነቡ ይውላሉና የልጅዎ ሸክም ብቻውን የተሸከመው አይደለም። የሚምታታው በጥቂት ቦታ ነው። «ሀ» የላቲኑን ዩ፣ «ዐ» ኦን፣ «ፐ» ቲን በመልክ ስለሚመስሉ በእነሱ ላይ ቢሳሳት አይደንግጡ። ከዚህ የሚበልጠው ችግር የላቲኑ ጽሕፈት ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ የእኛ አንድ ፊደል ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ልጅ ከ«በ» ቀጥሎ ሌላ አናባቢ ይፈልጋል። መድኃኒቱ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያሉ የአንዱን ፊደል ለውጥ በካርድ ማሳየት ነው።

የባለቤትዎን አሳብ በትሕትና አልደግፈውም። አማርኛን በላቲን ፊደል ማንበብ የለመደ ልጅ ቀላሉን መንገድ ትቶ ወደ ፊደሉ የሚመለስበት ምክንያት አያገኝም፤ የጠበቀና የላላ፣ «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» በዚያ ጽሕፈት እንዴት እንደሚለዩም እያንዳንዱ ወላጅ የየራሱን ዘዴ ስለሚፈጥር ልጁ ከሌላ ሰው የተጻፈለትን ማንበብ ይቸግረዋል። ስዊድን ስላሉ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስዎ። በዚያ አገር ልጆች በትምህርት ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የመማር መብት አላቸው፤ ቢያንስ 5 ተማሪዎች ከጠየቁና ተስማሚ መምህር ከተገኘ ማዘጋጃ ቤቱ ትምህርቱን ማዘጋጀት አለበት። ከሌሎች ሐበሻ ወላጆች ጋር ተነጋግራችሁ በአንድነት ብታመለክቱ የቤቱ ጨዋታ ደጋፊ ያገኛል።

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

መምህርት፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የትእዛዙን ጨዋታ ዛሬውኑ ጀመርነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ እናቴ የላኩልኝ ፎቶዎች አንዱ ላይ «ፀጉር»፣ ሌላው ላይ «ጸጉር» ይላል። ለልጆቹ የትኛውን ላስተምር?

ምላሽ፣ ከሐዋሳ

«ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ለማንበብ ልጆቹ ሁሉንም ማወቅ አለባቸው፤ ለመጻፍ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከየድምፁ አንድ አንድ ይበቃቸዋል። ለካርዶችዎ አንዱን አጻጻፍ ይምረጡና በእሱ ይጽኑ። የፎቶዎቹን ልዩነት ደግሞ ጨዋታ ያድርጉት፤ ሁለቱን «ፀጉር ቤት» ጎን ለጎን አድርገው የትኛው ፊደል እንደተለወጠ ልጆቹ ይፈልጉ። ሴት ልጅዎ 8 ዓመቷ ስለሆነ የመዝገበ ቃላቱን አጻጻፍ ቀስ እያለች ትለምዳለች፤ ታናሽ ወንድሟ ግን ሌላውን ፊደል ጽፎ ቢያመጣልዎ ድምፁን በትክክል ሰምቶታልና ቀይ ምልክት አያድርጉበት።