ልጃችሁ ሆኪ ጀመረች? የካረን ሼልተንን 42 ዓመት እዩት

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ያነሱትን ጥያቄ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጃቸው ሃይስኩል ገብታ ፊልድ ሆኪ ጀምራለች። «ዱላ ይዛ ሜዳ ለሜዳ መሯሯጥ ምን ይፈይድላታል? ጊዜዋን ለትምህርቷ ብታውለው አይሻልም ወይ?» ነው ያሉት። እኔም ልጄ የጀመረች ሰሞን ያልኩት ይህንኑ ነው። እንዲያውም አንድ ወር ሙሉ ከልምምድ አስቀርቻት ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንዲት አሰልጣኝ ታሪክ ነው። ካረን ሼልተን ትባላለች። እኛ ባለንበት በሰሜን ካሮላይና የማያውቃት የሆኪ ቤተሰብ የለም። ቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ሲቀጥራት ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበረች። የለቀቀችው በ2022 መጨረሻ ነው። 42 የውድድር ዘመን፣ እዚያው አንድ ቤት። 745 ጨዋታ አሸንፋለች። የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ የሆነውን የኤሲሲን ዋንጫ 25 ጊዜ፣ የአገር አቀፉን የኮሌጆች ሻምፒዮና ደግሞ 10 ጊዜ ወስዳለች። ከእሷ በፊት ቁንጮ ላይ የነበረችው የኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲዋ አሰልጣኝ ቤዝ አንደርስ 9 የአገር አቀፍ ዋንጫ ነበራት።

ወቅቱን ልብ በሉልኝ። በትምህርት ቤት በጾታ መለየትን የሚከለክለው ሕግ፣ ታይትል ናይን የሚሉት፣ የወጣው በ1972 ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት፣ ኤንሲኤኤ፣ የሴቶችን የፊልድ ሆኪ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው ደግሞ ሼልተን በተቀጠረችበት በ1981 ነው። ዛሬ ልጆቻችን እንደ ቀላል ነገር የሚይዙት ስኮላርሺፕ፣ የተሟላ ሜዳ፣ ደመወዝተኛ አሰልጣኝ ያኔ ገና እየተጀመረ ነበር። ሴቶቹ ቤቱን እየሠሩ ነው የኖሩበት።

እሷ ራሷ ተጫዋች ነበረች። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዌስት ቼስተር ኮሌጅ ስትማር ለምርጥ የሆኪ ተጫዋች የሚሰጠውን የሆንዳ ሽልማት ሦስት ጊዜ አግኝታለች። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ሲመጣ አሰልጣኝነቱን ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ግን ለአገሯ ትጫወት ነበር። ቡድኑ ያኔ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘበትን መንገድ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። አሜሪካኖቹ ጨዋታቸውን ጨርሰው ሆላንድና አውስትራሊያ ሲጫወቱ ከተመልካች ጋር ቁጭ ብለው ያያሉ። ሆላንድ አሸነፈች። ያኔ አሜሪካና አውስትራሊያ በነጥብም በግብም እኩል ሆኑ። ስለዚህ ሴቶቹ ከተመልካቹ መሃል ተነስተው፣ ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ወረዱና ፍጹም ቅጣት ምት መቱ። 10 ለ5 አሸነፉ። ሜዳሊያው በዚያው ቀን የእነሱ ሆነ።

ስለ ጨዋታው ራሱ ትንሽ ልበል፤ እኛ ጭራሽ የማናውቀው ነገር አይደለምና። አባቴ ሊጠይቁን መጥተው የልጄን ዱላ በር ጥግ ቆሞ ሲያዩት አነሱት፣ አገላበጡት፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄማ የገና ዱላ ነው» አሉ። ደስታቸውን ብታዩ! በልጅነታቸው ከእረኞች ጋር ሩር ሲያሳድዱ የመቱት ቅልጥም ሁሉ ትዝ አላቸው። ልጄም ገናን በስም እንጂ በጨዋታ አታውቀውም ነበርና ግቢ ወጥተው አያትና የልጅ ልጅ ኳስ ሲቀባበሉ አመሹ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ለምን በአንድ ወገን ብቻ ትመቻለሽ? እሷም አስረዳቻቸው። በሆኪ የሚመታው በዱላው ጠፍጣፋ ወገን ብቻ ነው። ለግራኝ የተሠራ ዱላ የለም፤ ሁሉም በቀኝ ይጫወታል። ኳሷ እግር ከነካች ጥፋት ነው። ግብ የሚቆጠረው ከግቡ ፊት ካለው ክብ ውስጥ ሆነው ሲመቱ ብቻ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋች፣ አራት ጊዜ 15 ደቂቃ። አባቴ እግር መንካት መከልከሉ ብቻ አልተዋጠላቸውም።

ወደ ሼልተን ልመለስ። ሰው ሁሉ አሥሩን ዋንጫ ይቆጥራል። እኔን የያዘኝ ግን በመሃል ያለው ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘችው በ1989 ነው፤ ከተቀጠረች በ9ኛው የውድድር ዘመኗ። ቀጥሎ 1995፣ 1996፣ 1997። ከዚያ አሥር ዓመት ጠበቀች። 2007 ላይ አንድም ሳትሸነፍ ወሰደች፣ 2009 ላይ ደገመች። ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ልብ የሚሰብረው። 2010 ፍጻሜ ደርሳ በሜሪላንድ 3 ለ2 ተሸነፈች፣ በተጨማሪ ሰዓት። 2011 እንደገና ሜሪላንድ፣ እንደገና 3 ለ2፣ እንደገና በተጨማሪ ሰዓት። 2012 በፕሪንስተን 3 ለ2። 2015 በሲራክዩስ 4 ለ2። 2016 በዴላዌር 3 ለ2። በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ፍጻሜ!

እስቲ በዚህ ቦታ ራሳችሁን አስገቡ። ስልሳ ዓመት እየተጠጋችሁ ነው። ስድስት ዋንጫ አላችሁ። በክብር ብትለቁ ማንም አይወቅሳችሁም። እሷ ግን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አዳዲስ የ18 ዓመት ልጆች ተቀብላ ከሀ ብላ ጀመረች። 2018 ላይ 23 ተጫውታ 23ቱንም አሸነፈች። 2019 ላይ ይህንኑ ደገመችው። በኮቪድ ምክንያት ወደ 2021 የዞረውንም የ2020 ውድድር ወሰደች። 2022 ላይ 21 ጨዋታ፣ 21 ድል። ከአሥሩ ዋንጫ አራቱ የመጡት ስልሳ ካለፋት በኋላ ነው። ቡድኗ የሚጫወትበት ስታዲየም ከ2018 ጀምሮ በስሟ ነው የሚጠራው። በገዛ ስሟ በተሰየመ ሜዳ ላይ ቆማ ልጆች አሰልጥናለች ማለት ነው።

የ2022ቱን የፍጻሜ ግብ ያገባችው ተጫዋቿ ኤሪን ማትሰን ናት። ከኖርዝዌስተርን ጋር አንድ ለአንድ ነበሩ፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር አገባች። ሼልተን ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ሥራ መልቀቋን አሳወቀች። ዩኒቨርሲቲው ማንን ቢተካ ጥሩ ነው? ማትሰንን። የ22 ዓመት ልጅ! ትናንት አብራቸው ለብሳ ስትለማመድ ለነበረቻቸው ጓደኞቿ ዛሬ ዋና አሰልጣኝ ሆነች። ብዙ ሰው አጉረመረመ። እኔም «ይቺ ልጅ ምን ልታውቅ ነው» ብዬ ነበር። ከዚያ ሼልተንም ስትቀጠር 23 እንደነበረች አስታወስኩ። ኅዳር 2023 ላይ ማትሰን በዚያው በመምህሯ ስም በተሰየመው ስታዲየም ኖርዝዌስተርንን በመለያ ምት አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች። የመለያ ምቱ ተጫዋችና ግብ ጠባቂ ብቻ ለብቻ የሚፋጠጡበት ነው። ልጄ እጄን ጨብጣ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ያረፈበት ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም።

ወንድሜ፣ እንግዲህ ጥያቄዎን የምመልሰው በዚህ ነው። እኛ ለልጆቻችን የምናውቀው ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ ነርስ፣ ጠበቃ ነው። አሰልጣኝነት እዚህ አገር ትልቅ ሙያ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሮ፣ ረዳቶች፣ በጀት ያለው። ልጅዎ አሰልጣኝ ባትሆንም አራቱን የኮሌጅ ዓመት ከማን እጅ ሥር እንደምታሳልፍ ቀላል ነገር አይደለም። ወላጅ ሲባል የምናየው የትምህርት ቤቱን ስም ነው። እባካችሁ የአሰልጣኟንም ስም እዩ።

ስለ ገንዘቡ ግን እውነቱን ልንገርዎት። ለብዙ ዓመት በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ ዲቪዚዮን አንድ በሚባለው ላይ፣ አንድ የሆኪ ቡድን መስጠት የሚችለው 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ እሱም ለሃያ ምናምን ልጆች ይከፋፈል ነበር። አሁን ሕጉ ተቀይሮ የሚገደበው የተጫዋቾቹ ቁጥር ነው፤ ቢሆንም ሁሉም ትምህርት ቤት ለሁሉም ሙሉ ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ። ሩቡን የሚሸፍን አለ፣ ግማሹን የሚሸፍን አለ። ጥሩ ውጤት ካላት የትምህርት ስኮላርሺፑ ከስፖርቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ትምህርቱንና ሆኪውን አታጣሏቸው። የኮሌጅ አሰልጣኞች ልጆችን በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድላቸው 10ኛ ክፍል ከጨረሱ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ልጅቷ ግን ቀድማ መጻፍ ትችላለች፤ ራሷ ትጻፍ፣ እርስዎ አይጻፉላት።

ስልኩ ሲደወል ደግሞ እርስዎም ይጠይቁ። እዚህ ስንት ዓመት ሠርተዋል? ከተጫዋቾችዎ ስንቱ በአራት ዓመት ይመረቃል? ልጄ ጉልበቷን ብትጎዳ ስኮላርሺፑ ምን ይሆናል? እኛ «ሰው ፊት ምን ብዬ» እያልን የምንተወውን ጥያቄ አሜሪካኖቹ ወላጆች ገና ሰላምታው ሳያልቅ ነው የሚጠይቁት። አያፍሩ።

ውድድሩ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ወደዚህ ብቅ ካሉ ልጅዎን ይዘው ቻፕል ሂል ይምጡ፣ አብረን እናያለን። ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ውሃ ያጠጡታል፤ ኳሷ ስትሄድ ከኋላዋ ውሃ ትረጫለች፣ ማየቱ ብቻ ደስ ይላል። ቡናውን በፔርሙዝ እኔ እይዛለሁ። እርስዎ ጋቢ ይያዙ፤ ጥቅምት ካለፈ ወንበሩ ላይ ይበርዳል።