ከሲሊንደር ጋዝ በሚወጣ ሃይድሮጂን የጫጩት ማስፈልፈያ ማሠራት ይቻላል ወይ?

ጫጩት አርቢ፣ ከሱሉልታ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሱሉልታ ዳርቻ አነስተኛ የጫጩት ማስፈልፈያ አለኝ። እንቁላሉ ለ21 ቀን 37.5 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሳይጓደልበት መቆየት ስላለበት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሌሊትም ቢሆን ተነሥቼ ጄኔሬተር አስነሣለሁ፤ ባለፈው ክረምት ጄኔሬተሩ እምቢ ብሎኝ የአንድ ዙር እንቁላል በሙሉ ተበላሽቶብኛል። በጃፓን ከ2009 ጀምሮ የማብሰያ ጋዝን ወደ ሃይድሮጂን ለውጦ በፉዌል ሴል (ሃይድሮጂንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ክፍል) መብራትና ሙቅ ውኃ የሚሰጥ፣ ኤኔ ፋርም የሚባል የቤት መሣሪያ እንደሚሸጥ አንብቤአለሁ። በሲሊንደር ጋዝ ወይም በኤታኖል እኛ ዘንድ ሊሠራ ይችላል?

የኬሚካል መሐንዲስ፦
በመሠረቱ ይቻላል፤ ከባዱ ሥራ ግን ሃይድሮጂኑን ማጥራቱ ነው። ጋዙ ከውኃ እንፋሎት ጋር ከ700 ዲግሪ በላይ በጋለ የኒኬል ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣሉ። በተዘጋ ቤት የከሰል ፍም ሰው የሚገድልበት ይኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በ80 ዲግሪ አካባቢ በሚሠራው ፉዌል ሴል ውስጥ ያለውን ፕላቲነም ስለሚያደነዝዘው፣ በሚሊዮን ውስጥ ከ10 ክፍል በታች እስኪወርድ ድረስ በተከታታይ ደረጃዎች መወገድ አለበት። በሲሊንደር ጋዝ ላይ፣ ሲያፈስ እንዲታወቅ የሚጨመረው ሽታ ሰጪ ነገር ድኝ ስላለው ካታሊስቱን ይመርዛል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በማጣሪያ መያዝ አለበት፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ይቀየራል። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመረተው ኤታኖል በዚህ በኩል ይሻላል፤ ነገር ግን ካታሊስቱን በካርቦን ጥላሸት የመሸፈን ጠባይ አለው።

አስተያየት ሰጪ፣ ከለገጣፎ፦
መሐንዲሱ ያሉት ትክክል ነው። ሆኖም የእርስዎ ማስፈልፈያ በአብዛኛው የሚፈልገው ሙቀት ስለሆነ፣ ጋዙን ወደ ሃይድሮጂን፣ ሃይድሮጂኑን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ ወደ ሙቀት መለወጥ በየእርምጃው ማባከን ይመስለኛል። መሣሪያው ከቀዘቀዘበት ተነሥቶ እስኪግልም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ድንገት ለሚሄድ መብራት አይደርስም። በተጨማሪም ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለጠረፍ ከተማ ተለክቶ የተሠራ ፉዌል ሴል እዚያ በቂ ኦክስጅን እንዲያገኝ አየር መግፊያው አብዝቶ መሥራት ይኖርበታል። በእኔ አስተያየት ጋዙን ውኃ ለማሞቅ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ሙቅ ውኃው በማስፈልፈያው ውስጥ በቱቦ ይዙር፤ ለማራገቢያውና ለእንቁላል ማገላበጫው ባትሪ ይበቃል። ማሞቂያው ግን ከቤት ውጭ ይሁን፤ በዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

ጫጩት አርቢ፣ ከሱሉልታ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአየሩን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ማራገቢያውና ማገላበጫው ስንት ዋት እንደሚወስዱ ነገ አስለክቼ እጽፋለሁ፤ የባትሪውን መጠን በዚያ ብታሰሉልኝ።