«ከባድ ምላጭ የፈሪ ነው» ላለው ወንድማችን

ሽምብጥ፦ ትናንት ማታ ኮሎራዶ ያለው የሰፈራችን ልጅ የአደን ጠመንጃውን ምላጭ (ለመተኮስ ጣት የሚስበውን) ቀለል እንዲል እንዳሠራ እዚህ ቡድናችን ውስጥ ጽፎልናል። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ደስ ይበለው። እኔን ያናደደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ከባድ ምላጭ የፈሪ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁም የአባቶቻችሁን ቤልጅግ ጠመንጃ ስጡና አሠሩት» አለ። ወዲያው ደግሞ «ማን ጋ እናሠራ?» የሚል ጠያቂ መጣ። ወንድሜ፣ አንተ የምትተኩሰው ሰው በሌለበት ተራራ ነው። እዚህ መሣሪያ የሚወጣው ሰርግና ለቅሶ ላይ ነው። ሕፃናት በእግራችን ሥር ይሮጣሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የቀለለ ምላጭ ለምን ይጠቅማል?

ኮሎራዶ፦ ሽምብጥ፣ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አንብበው። ጠመንጃዬ ሲገዛ ምላጩ በጣም ከባድ ነበር። ጣትህ በኃይል ሲስብ አፈሙዙ አብሮ ይነቃነቃል። አሁን ከአንድ ኪሎ ትንሽ በሚበልጥ ኃይል ይለቃል፣ ሲለቅም አይንገጫገጭም። እኔ የማድነው አጋዘን ነው። ጥይቱ በትክክል ካላረፈ እንስሳው ቆስሎ ይሄድና ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ ያድራል። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ትፈልጋለህ?

ሽምብጥ፦ ስለ አጋዘኑ አልተጣላንም። «የፈሪ ነው» ያልከውን አስረዳን።

ፖሊ ሜካኒካል፦ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ኮሎራዶ፣ አንተ ያስገባኸው ተሠርቶ የተሸጠ ሙሉ ምላጭ ነው ወይስ የድሮውን አስሞርደህ ነው? እዚያ አገር 150 ዶላር አካባቢ አውጥተህ ቲምኒ የሚባለው ምላጭ ሠሪ የሚሸጠውን የመሰለ ትገዛለህ፣ በቦታው ትተካዋለህ፣ አለቀ። ሳቬጅ የሚባለው ጠመንጃ ፋብሪካ ደግሞ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተካክለው ምላጭ ከፋብሪካው ገጥሞ ይሸጣል። ቤልጅግን ማሠራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤልጅግ ማውዘር የሚባለው የድሮ የጦር ጠመንጃ ዓይነት ነው። መምቻውን መርፌ ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆየው አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። የዚያ ጥርስ ጥንካሬ ላዩ ላይ ብቻ ነው። በእሳት የጠነከረው ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ነው። ሞራጁ ያንን ሽፋን ካለፈው ምላጩ በዚያ ቀን በጣም ያምራል። ከጊዜ በኋላ ለስላሳው ብረት ይበላል። አንድ ቀን ጠመንጃው መሬት ሲነካ ወይም መዝጊያው ሲመታ ማንም ሳይስበው ይተኩሳል። ይህን የምለው ብረት ስለተማርኩ ነው። እዚህ ጥንካሬውን ለክቶ፣ መልሶ በእሳት አጠንክሮ የሚያስረክብህ የመሣሪያ ሠራተኛ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።

ኮሎራዶ፦ ሙሉ ምላጭ ገዝቼ ነው ያስገጠምኩት። «አሠሩት» ስል ለባለሙያ ስጡ ማለቴ ነው። ለማንም ብየዳ ቤት አላልኩም።

የዘጌው፦ ልጄ፣ አባቴ ቤልጅግ ነበረው። በ1920ዎቹ መንግሥት ከቤልጅግ ካስመጣው ነው። ምላጩ መጀመሪያ ላላ ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ አንተ ታስባለህ። ልትተኩስ ከሆነ ትጨምራለህ፣ ካልሆነ ትለቃለህ። አባቴ እዚያ ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ ጣቱን እንደመለሰ እኔ አይቻለሁ። ይህን ነው ፈሪ የምትለው?

ኮሎራዶ፦ ጋሼ፣ አባትዎን አልሰደብኩም። እርስዎንም አከብራለሁ። ያልኩት ስለ ምላጭ ነው።

የዘጌው፦ ምላጭ አይፈራም። የሚፈራ ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ሰድበሃል።

ሽምብጥ፦ ጋሼ እንዳሉት ነው። ማንን ነበር ያሰብከው?

አባይ ማዶ፦ ለውድድር ተኳሾችም እኮ ዝቅተኛ ገደብ ተቀምጦላቸዋል። በ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ ውድድር ምላጩ ከ1500 ግራም በታች በሆነ ኃይል እንዲለቅ አይፈቀድም። በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚተኩሱበት ቢያትሎን ላይ ቢያንስ 500 ግራም ነው። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ግን ገደብ የለም። እሱም አንድ መስመር ላይ ቆመው፣ ዳኛ እያዘዘ፣ ሁሉም አፈሙዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የቀለለ ምላጭ ያምርበታል፣ እኔም እወደዋለሁ። የዓለም ምርጥ ተኳሾች የ1500 ግራሙን ገደብ ሲቀበሉ ፈሪ ሆነው ነው?

ኮሎራዶ፦ አባይ ማዶ፣ ራስህ መለስከው። የኔ ከ1 ኪሎ በላይ ነው። ከቢያትሎኑ በእጥፍ ይከብዳል። ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?

አባይ ማዶ፦ ያንተ ጠመንጃ ላይ ምንም አላጠፋህም። ያጠፋኸው ምክሩን ወደዚህ ስትልከው ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ሬሚንግተን 700 ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ጠመንጃ ነው። ምላጩ ሳይነካ ይተኩሳል የሚል ክስ ለብዙ ዓመታት ሲከተለው ቆይቶ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው አዲሱን ምላጩን ከገበያ ጠርቶ ሰበሰበ። መሐንዲስና ፋብሪካ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ በሞረድ የሚሠራው እንዴት ሊሆን ነው?

ሲስተር፦ እኔ ስለ ኪሎና ግራም አላውቅም። የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። በሰርግ ወራት ጥይት የመታው ሰው ይመጣል። «ሳላስበው ተኮሰ» ይላሉ፣ ሁልጊዜ ያው ነው። እግር ነው፣ መዳፍ ነው፣ አንዳንዴ ሆድ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ተመልሶ ይወርዳል። እኔ ምላጩ ድንጋይ ቢሆን እመርጣለሁ። እንዲያውም ሰርግ ላይ መተኮስ ራሱ ቢቀር!

የዘጌው፦ ሲስተር፣ እሱን አትንኪው። ሙሽራ ሳይተኮስለት ገብቶ አያውቅም። ያባት ነው።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ የቆሰለውን ልጅ እናት እርስዎ አያገኟትም፤ እኔ ነኝ የማናግራት። ያባት ነው ብዬ ልንገራት?

የዘጌው፦ ጥፋቱ የተኳሹ ነው። መሣሪያ መያዝ የማያውቅ ጎረምሳ አረቄ ጠጥቶ ይይዛል። በኛ ጊዜ ሽማግሌ ነበር የሚተኩሰው፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ አፈሙዙን ወደ ሐይቁ አዙሮ።

ሲስተር፦ ሐይቁ ላይም ታንኳ አለ።

ሽምብጥ፦ እባካችሁ የሰርጉን ተኩስ ለብቻው እንነጋገርበት፣ ወደ ምላጩ ተመለሱ።

ሲስተር፦ ለብቻው አይሆንም ሽምብጥ። ምላጩ የሚሳበው እዚያው ሰርግ ላይ ነው።

ወራሚት፦ «ማን ጋ እናሠራ?» ያልኩት እኔ ነኝ። የምጠይቀው ዒላማ ስለምወድ ነው። መሣሪያዬ ፈቃድ አለው። የአያቴ ቤልጅግ በ100 እርምጃ ቆርቆሮ ይስታል። ምላጩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፖሊ ሜካኒካል፦ ወራሚት፣ ምላጩን ከመንካትህ በፊት የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን እየው። የድሮው ጥይት መለኮሻ ውስጡ ጨው ያስቀራል። ከተተኮሰ በኋላ በውኃ ካልታጠበ ይዝጋል፣ ብረቱን ይበላዋል። ዕድሜውን ሙሉ በዘይት ብቻ የተወለወለ ጠመንጃ ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የፈለግከውን ምላጭ ግጠምበት፣ ጥይቱ ወዳየኸው አይሄድም። ምላጭ ጥይቱን አያቀናም። የሚያግዘው ያንተን እጅ ብቻ ነው። እጅህን ደግሞ ጥይት ሳታጎርስ፣ ባዶነቱን ደግመህ ደጋግመህ አይተህ፣ ቤትህ ልታለማምደው ትችላለህ። በነፃ ነው።

ኮሎራዶ፦ ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ጥሩ ምላጭ ልምምዱንም ያፋጥናል። እዚህ ጀማሪ ልጆችን አይቻለሁ። በከባድ ምላጭ ሲጀምሩ ጥይቱን መፍራት ይለምዳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጎትታሉ። «የፈሪ» ያልኩት ይህንን ነው።

ሽምብጥ፦ ትናንት እንዲህ አላልክም! ትናንት «የአባቶቻችሁን አሠሩት» ነው ያልከው። በጀማሪ ልጅ አትሸፍነው።

አባይ ማዶ፦ ሽምብጥ፣ አሁን ያለው እኮ ልክ ነው። ይህን ስጠው።

ሽምብጥ፦ ልክ ቢሆንም ትናንት የተናገረው ነገር አይደለም። ወራሚት የሰማው የትናንቱን ነው።

ወራሚት፦ እኔ ልጅ አይደለሁም፣ የሰማሁትን ራሴ አመዛዝናለሁ። ፖሊ፣ አፈሙዙን አየሁት። አንዳንድ ቦታ ጠቁሯል፣ ጥይቱን የሚያሽከረክረው መስመር ግን ይታያል። አሁንስ?

ፖሊ ሜካኒካል፦ መስመሩ ከታየ ጥሩ ነው። በደንብ እጠበው። ቀጥሎ ጥይትህን ተመልከት፤ ዓይነቱና ዕድሜው የተቀላቀለ ጥይት አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይመታል። ምላጩን ለጊዜው ተወው።

ወራሚት፦ «ለጊዜው» ማለት እስከ መቼ ነው? የሚሠራ ሰው ደብረ ማርቆስ ከተማ አለ ብለውኛል።

ፖሊ ሜካኒካል፦ ማርቆስ ያለውን ሰው አንድ ነገር ጠይቀው። ሞርዶ ሲጨርስ ጥርሱን መልሶ በምን እንደሚያጠነክረው ይንገርህ። ካልመለሰልህ ጠመንጃህን ይዘህ ተመለስ። መሣሪያ በአዋጅ 1177/2012 በፈቃድ የታሰረ ነው፣ ስለዚህ ለመጠገን ፈቃድ እንዳለውም ጠይቀው።

ኮሎራዶ፦ ወራሚት፣ ፖሊ ያለህን አድርግ። ሠሪው በትክክል ከመለሰልህ ግን አሠራው። እኔ አሁንም ያዋጣል እላለሁ።

የዘጌው፦ «የፈሪ ነው» ያልከውን አላነሳህም።

ኮሎራዶ፦ ጋሼ፣ አላነሳውም። አባትዎን እንዳልነካሁ ግን ደግሜ እነግርዎታለሁ።

የዘጌው፦ እንግዲያው እኔም አልተውህም።