የሚኒባሶቻችን ሞተር ይታደስ ወይስ በትልቅ ይቀየር? ለብድር ጥያቄው የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ በስብሰባችን እንደተስማማነው ሞተራቸው የደከመ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶቻችንን ወደ ሥራ ለመመለስ በየፊናችን ከምንበደር ይልቅ ለቁጠባና ብድር ማኅበሩ አንድ የጋራ ጥያቄ እናቀርባለን። የመጀመሪያው ረቂቅ 2ኤል የተባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያላቸው መኪኖች ሁሉ ሞተራቸው ተለቅ ወዳለው 3ኤል እንዲቀየር ይላል። በሐሳቡ የምትስማሙም የማትስማሙም ምክንያታችሁን እንድትጽፉ፣ ዋጋው ግን ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ የሚታይ ስለሆነ ለጊዜው እንድታቆዩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሽሮ ሜዳ መስመር አባል

ረቂቁን እደግፋለሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሙሉ ሰው ጭኖ የሚወጣ 2ኤል እንዴት እያቃሰተ እንደሚሄድ በመስመሩ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በሲሊንደሮቹ ይዘት 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል ደግሞ 2,779 ሲሲ ነው፤ ልዩነቱ 14 በመቶ ገደማ ሲሆን ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ለመውጣት ይረዳል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች በመሆናቸው ካምቢዮው ሳይነካ ይገጥማሉ። አሮጌውን ሞተር አውርዶ ለማሳደስ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዝ፣ ጋርኒሲዮንና ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) እያልን ስንደምር ወጪው ያገለገለ 3ኤል ከመግዛት ብዙም አይርቅም፤ የሞተር ብረት የሚስተካከልበት የቶርኖ ቤት ወረፋ ሲጨመርበት ደግሞ መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ይረዝማል። መኪና ሲቆም ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ባለንብረቱም አብረው ይቆማሉ።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ አባል (መካኒክ)

የሽሮ ሜዳው አባላችን ስለ ሞተሮቹ መግጠም የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም ገጥሜ አውቃለሁ። ነገር ግን ከመጠኑ በፊት ሊታይ የሚገባው የምንሠራበት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ 3ኤል ይቅርና 2,986 ሲሲ የሆነው 5ኤል እንኳ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚያገኘው አየር 2ኤል ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው ያንሳል። ስለዚህ ትልቁ ሞተር ይረዳል፤ የሚረዳው ግን ፖምፓው (ናፍጣ የሚረጨው ፓምፕ) ለዚህ አየር ከተስተካከለ ብቻ ነው። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ተነቅሎ የመጣ ሞተር የናፍጣው መጠን የተለካው ለዚያ አገር አየር ነው። እዚህ መጥቶ ያንኑ ያህል ናፍጣ ሲረጭ ሳይቃጠል የቀረው በጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል። ከፍታን የሚያካክስ ፖምፓ ያለው ሞተር ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ግን የፖምፓ ባለሙያ ሳያየው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

ሙቀት ካልኩ ዘንድ፣ እጄ ላይ ያለፉት አብዛኞቹ 2ኤሎች የተበላሹት በሙቀት ነው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ታፍኖ ይሠራል፤ ራዲያተሩ በዝቃጭ ሲዘጋ ወይም ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት ቴስታታው በሁለቱ ቫልቮች መካከል ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም፦ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሳትና ውሃውን ማየት ነው። አረፋው ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ ውሃው ወደ ዘይቱ ገብቷል። እንዲህ ያለው መኪና ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ጤነኛ ሆኖ ቴስታታና ራዲያተር ብቻ ሊፈልግ ይችላል። ራዲያተሩ ሳይታይ 3ኤል የሚገጠምለት ከሆነ ግን አዲሱም ሞተር ያንኑ ዕጣ ይከተላል፤ የበለጠ ናፍጣ ስለሚያቃጥል እንዲያውም ይቀድማል። በነገራችን ላይ የሦስቱም ሞተሮች የታይሚንግ ቀበቶ በየ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ሲሆን፣ ከሶማሌ ተራ (ያገለገሉ መለዋወጫዎች ገበያ) የተገዛ ሞተር ምን ያህል እንደሄደ የሚነግረን ስለሌለ ቀበቶው በዚያው ቀን መለወጥ አለበት።

መኪናዋን በሹፌር የምታሠራ አባል

ስለ ዳገቱ ከእናንተ በላይ አልናገርም፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ወረቀቱ ነው። ሊብሬያችን ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። ሞተር የቀየረ ሰው ለውጡን ሳያስመዝግብ ለቦሎ ምርመራ ቢቀርብ ቁጥሩ አይመሳከርለትም፤ በመካከሉ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከኢንሹራንስ ጋር ክርክር ውስጥ ይገባል። ስለሆነም ሻጩ ሕጋዊ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ የማይሰጥበት፣ ወይም ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በብድሩ እንዳይገዛ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ገቢው ነው። ታሪፉን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ የወንበሩም ቁጥር አይጨምርም። ሞተሩ በማደጉ ብቻ ተሳፋሪው የሚጨምርልን ሳንቲም ስለሌለ ብድሩን የምንከፍለው መኪናው ባለመቆሙና ናፍጣ በመቆጠቡ ነው። ይህ ጥያቄ ከአበዳሪው ከመምጣቱ በፊት እኛው መልሱን ብናስቀምጥ ይሻላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደሚዋዥቅ ሁላችንም ስላየነው፣ ፕሮፎርማው የሚያገለግልበት ቀን ካለፈ በኋላ ብድሩ ቢለቀቅ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍንም ከአሁኑ ይወሰን።

የሽሮ ሜዳ መስመር አባል

የእኅታችንን ሁለቱንም ጥያቄዎች እቀበላለሁ። የመካኒኩንም አስተያየት አልቃወምም፤ ነገር ግን ማደስ ለሁሉም ይሆናል መባሉም ልክ አይሆንም። ሲሊንደሩ ከዚህ ቀደም ቶርኖ ቤት ገብቶ የመጨረሻው ልክ ድረስ የሰፋ ብሎክ ያላቸው አባላት አሉ። እነሱን እንደገና አሳድሱ ማለት የማኅበሩን ገንዘብ ዕድሜው ባለቀ ብረት ላይ ማፍሰስ ነው። ለእነሱ 3ኤል ይፈቀድ፣ እኔም ከእነሱ አንዱ እንደሆንኩ ይመዝገብልኝ።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ አባል (መካኒክ)

በዚህ እስማማለሁ። የምጨምረው 5ኤል በዚህ ዙር እንዳይገባ ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን ያሉንን ራዲያተሮችና ፍሪሲዮኖች አንድ በአንድ ሳንፈትሽ ልንደፍረው አይገባም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እስከ አሁን የተጻፈውን በማቀናጀት የረቂቁ ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦

«ማኅበሩ ብድሩን የሚጠይቀው በቅድሚያ የአባላቱን 2ኤል ሞተሮች ለማሳደስ ነው። የእያንዳንዱ መኪና ኮምፕሬሽን፣ ቴስታታና ራዲያተር በቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴው ተመርምሮ ውጤቱ በጽሑፍ ይያያዛል። ብሎኩ ሊታደስ እንደማይችል በምርመራ የተረጋገጠበት አባል ብቻ በ3ኤል ሊቀይር ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ሞተሩ ሕጋዊ ሰነድ ያለው ሆኖ፣ ፖምፓው ለአዲስ አበባ ከፍታ ተስተካክሎ፣ አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ እስኪመዘገብ ድረስ መኪናው ሥራ እንደማይጀምር አባሉ በፊርማው ሲያረጋግጥ ነው። የራዲያተር እጥበት ወይም ቅያሪ በሁለቱም አማራጮች የወጪው አካል ይሆናል።»

ያልተቋጩት ሁለት ጉዳዮች የምርመራው ክፍያ ከማኅበሩ ካዝና ይውጣ ወይስ ከአባሉ፣ እንዲሁም በፕሮፎርማው ዋጋና ብድሩ በሚለቀቅበት ቀን ዋጋ መካከል የሚመጣውን ልዩነት ማን ይሸፍን የሚሉት ናቸው። የሒሳብ ሹማችን በሁለቱም ላይ የካዝናውን አቅም ያገናዘበ አስተያየት እስከ ዓርብ እንዲያቀርቡልን፣ መካኒካችንም ከሦስት ጋራዦች የእድሳት ፕሮፎርማ እንዲያሰባስቡልን እጠይቃለሁ።