የኤሌክትሮን ጨረርን ሳይነኩ ውፍረቱን መለካት

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በክብ አክስለሬተር ውስጥ የሚዞር የኤሌክትሮን ጨረር ቁመታዊ ውፍረት መለካት እንፈልጋለን። በስሌት ሲግማው (የውፍረቱ ስታንዳርድ ዲቪኤሽን) 15 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው። ከማጠፊያው ማግኔት የሚወጣውን የሚታይ ብርሃን በሌንስ ካሜራ ላይ ስንጥለው ግን 55 ማይክሮ ሜትር ይላል፤ ማግኔቶቹን ብናስተካክልም ንቅንቅ አይልም። ስክሪንም ሆነ ሽቦ ማስገባት አይቻልም። ምን ይሻላል?

መልስ 1
ያ 55 የዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ የመበተኑ) ነው፣ የጨረሩ አይደለም። የሚታየው ብርሃን በቁመት ጥቂት ሚሊራዲያን ብቻ ስለሚሰፋ፣ ሌንሱን ብታተልቁትም ምስሉ ከዚያ በታች አይጠብም።

በጃፓኑ የአክስለሬተር ምርምር ተቋም ኬኢኬ ቶሺዩኪ ሚትሱሃሺ ያዳበረው ባለሁለት ስንጥቅ ኢንተርፌሮሜትር ይሠራላችኋል፤ በሁለቱ ስንጥቆች ያለፈው ብርሃን ተደራርቦ ብሩህና ጨለማ መስመሮችን ይሠራል፣ ጨረሩ በወፈረ ቁጥር መስመሮቹ ይደበዝዛሉ። ብርሃኑ ለካችሁትም አልለካችሁትም ከማግኔቱ የሚወጣ ስለሆነ ጨረሩን ምንም አይነካውም። ሌንሱ ፊት ሁለት ስንጥቆችን ከላይና ከታች አድርጉ። 500 ናኖ ሜትር ላይ 10 ናኖ ሜትር ስፋት ያለው ፊልተር ጨምሩ። አግድም ፖላራይዝድ የሆነውን (በአግድም የሚወዛወዘውን) ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፖላራይዘርም የግድ ነው፤ ቁመታዊው ክፍል ከላይና ከታች ፌዙ (የሞገዱ ደረጃ) ተቃራኒ ስለሆነ ጨለማዎቹን መስመሮች ይሞላባችኋል።

ከዚያ የመስመሮቹን ንፅፅር አስሉ፤ የብሩሁና የጨለማው ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ማለት ነው። ሲግማውን ለማግኘት የሞገድ ርዝመቱን ከምንጩ እስከ ስንጥቆቹ ባለው ርቀት አባዝታችሁ ለፓይና ለስንጥቆቹ የእርስ በርስ ርቀት ብዜት አካፍሉ፤ ከዚያ የ1/ንፅፅርን ናቹራል ሎጋሪዝም ለሁለት አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱና በእሱ አባዙት። ስንጥቆቹ 40 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ከምንጩ 7 ሜትር ላይ ካሉና ንፅፅሩ 0.5 ከሆነ 16.4 ማይክሮ ሜትር ይመጣል።

መልስ 2
ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው ግን ዝርዝሩ ነው። በአንዱ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን የሌላውን እጥፍ ከሆነ፣ ውፍረት የሌለው ጨረር እንኳ ንፅፅሩ 0.94 ብቻ ይሆናል፤ በዚያው አቀማመጥ 4.8 ማይክሮ ሜትር ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ስንጥቆቹን በየተራ እየሸፈናችሁ የሁለቱንም ብርሃን ለኩና አርሙት።

የካሜራውን ጨለማ ፍሬም (ብርሃን ሳይገባ የሚነሳውን ምስል) ቀንሱ፤ ፒክስሎቹም አይሙሉ። ኤክስፖዠሩን ከ1 ሚሊሴኮንድ በታች አድርጉት። ሲያጥር ንፅፅሩ ከጨመረ፣ ስትለኩ የነበረው የመስታወቱን ንዝረት ነው። የመጀመሪያው መስታወት በኤክስሬይ ሙቀት ስለሚጎብጥ የስንጥቆቹ ርቀት በምንጩ በኩል ሌላ ይሆናል። እኔ የማምነው ፈተና ይህ ነው፦ ስንጥቆቹን በ20፣ በ30 እና በ40 ሚሊ ሜትር እያራራቃችሁ ለኩ። ሦስቱም ያንኑ ሲግማ ካልሰጡ ውጤቱን አትመኑት። በ20 ንፅፅሩ ከ0.5 ወደ 0.84 መውጣት አለበት።

መልስ 3
ማጠፊያ ማግኔት በሌለበት ቀጥተኛ መስመር ላይ ላሉ፣ የዲፍራክሽን ራዲየሽን አለ። ጨረሩ በብረት ሳህን ስንጥቅ መሃል ሳይነካ ያልፋል፤ የኤሌክትሪክ መስኩ ግን ብረቱን ቀስቅሶ ብርሃን ያወጣል። መስኩ የሚደርስበት ርቀት በግምት ጋማ (የኤሌክትሮኑ ኃይል ለእረፍት ኃይሉ ሲካፈል) በሞገድ ርዝመት ተባዝቶ ለሁለት ፓይ ሲካፈል ነው። በ1.28 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በ500 ናኖ ሜትር፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስንጥቁ ከዚያ በጣም ከሰፋ ብርሃኑ ይጠፋል፤ በጣም ከጠበበ የጨረሩ ጠርዝ ብረቱን ይመታል። ጨረሩ ከስንጥቁ መሃል ከሳተም ልክ እንደ ወፈረ ሆኖ ስለሚታይ መጀመሪያ መሃሉን ፈልጉ። ከኋላ ካሉ ማግኔቶች የሚመጣውን ብርሃን ደግሞ ከሳህኑ በፊት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ባለው ሌላ ሳህን ጋርዱት፤ አለበለዚያ ደካማውን ምልክት ይውጠዋል።